ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ስታክ ሲያደርግ፦ ስለ ኢንቲግሬትድ ግራፊክስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት ወይም ደቢያን ጭነው የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ፣ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።

ኢንቲግሬትድ ግራፊክስ ምንድን ነው? የኔ የትኛው እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?

ሞኒተሩ ላይ የምታዩትን ምስል የሚሠራው ክፍል ለብቻው ካርድ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲሆን ኢንቲግሬትድ ይባላል። እዚህ ከተማ የሚሸጡት ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። የራሱ ሜሞሪ የለውም። ከዋናው ራም ቆርሶ ነው የሚጠቀመው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ታች ስለ ራም ስናወራ ያስፈልገናል።

ተርሚናል ከፍታችሁ «ኤልኤስፒሲአይ -ኬ» ብላችሁ ጻፉ። «ቪጂኤ» የሚል መስመር አለ፣ ከሥሩ ደግሞ እየሠራ ያለው ድራይቨር ስም ይወጣል። ኢንቴል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ «አይ915»፣ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤኤምዲጂፒዩ»፣ ኤኤምዲው የቆየ ከሆነ «ራዲዮን» ይላል። የፕሮሰሰሩን ትውልድም እወቁ። የድሮው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ በአብዛኛው 3ኛ ትውልድ ነው የምታገኙት፣ 9020 ላይ 4ኛ፣ 7040 ላይ 6ኛ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ የግራፊክሱ ችግር ግን በየትውልዱ ይለያያል። ጓደኛችሁ ጋ የሠራው መፍትሔ እናንተ ጋ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ስክሪኑ ደርቆ ሲቀር ወዲያው ከሶኬት ልንቀለው?

አትንቀሉት። መጀመሪያ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ድራይቨሩ ግራፊክሱ መልስ መስጠት እንዳቆመ ሲያውቅ ራሱ ሊያስነሳው ይሞክራል፣ አንዳንዴ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል። ካልተመለሰ «ኮንትሮል»፣ «ኦልት» እና «ኤፍ3»ን አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር ስክሪን ላይ ዩዘር ኔም የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ማሽኑ በሕይወት አለ፣ የደረቀው ዴስክቶፑ ነው። እዚያው ገብታችሁ «ሱዶ ሪቡት» በሉት።

ብዙ ሰው «ካፕስ ሎክ» ተጭኖ መብራቷን ያያል። ከበራችና ከጠፋች ጥሩ ምልክት ነው። ካልበራች ግን ሁሉም ነገር ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ። ዴስክቶፕ ላይ ሳላችሁ መብራቷን የሚያዛት ራሱ የዴስክቶፑ ፕሮግራም ስለሆነ፣ እሱ ከደረቀ ከሥር ያለው ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት) እየሠራም መብራቷ ዝም ልትል ትችላለች።

ሌላው ሁሉ ካልሠራ «ኦልት» እና «ፕሪንት ስክሪን»ን ይዛችሁ «ኤስ»፣ ከዚያ «ዩ»፣ ከዚያ «ቢ» ተጫኑ፣ በየመሀሉ ጥቂት ሰከንድ እየጠበቃችሁ። የመጀመሪያው ያልተጻፈውን ዳታ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ዲስኩ ላይ መጻፍ ያቆማል፣ ሦስተኛው ሪስታርት ያደርጋል። በየጽሑፉ የምታገኙት ስድስት ፊደል ያለው ረጅሙ ቅደም ተከተል ኡቡንቱና ሚንት ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ካልቀየራችሁት በቀር እዚያ የተፈቀዱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ይህም እምቢ ካለ ያኔ የፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ።

ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃውም ይሰማል፣ ግን ምንም አልከፍት ይላል። ምን ሆኖ ነው?

የማውሱ ቀስት ከሌላው ምስል ተለይታ በራሷ ንብርብር ላይ ነው የምትሳለው። ሌላው ሁሉ ቢቆም እሷ መንሸራሸር ትችላለች። ሙዚቃው መቀጠሉ ደግሞ ፕሮሰሰሩና ከርነሉ ደህና መሆናቸውን ይነግራችኋል። ስለዚህ ወይ ዊንዶዎቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ደርቋል፣ ወይ ግራፊክሱ ራሱ ቆሟል። ሁለቱም በሎግ፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ በሚጽፍበት መዝገብ፣ ይለያሉ።

ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ እየደጋገመ ከጮኸ፣ ማውሱም ካልተነቃነቀ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ በኔትወርክ ስትጠሩትም ካልመለሰ ግን ሙሉ ማሽኑ ነው የቆመው። ያኔ ግራፊክሱን ከመጠርጠር በፊት ራም፣ ፓወርና የፕሮሰሰሩን የኃይል ቁጠባ መመርመር ይሻላል። ይህን ልዩነት መጀመሪያ ሳይለዩ ፓራሜትር (ከርነሉ ሲነሳ የሚሰጠው ተጨማሪ ትዕዛዝ) ፍለጋ የሚገቡ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ሲደክሙ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ድካም በዚህች አንድ ጥያቄ ይቀር ነበር።

ራም አልቆ ቢሆንስ?

4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ከግራፊክስ በፊት የምጠረጥረው ይሄንን ነው። ክሮም ላይ ብዙ ታብ ተከፍቷል፣ ቴሌግራም አለ፣ ሊብሬኦፊስ አለ፣ ከራሙ ላይ ደግሞ ግራፊክሱም ድርሻውን ወስዷል። ራሙ ሲያልቅ ሲስተሙ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፣ ዲስኩ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሁሉ ነገር የቆመ ይመስላል። ምልክቱ የሲፒዩ ሳጥኑ ፊት ላይ ያለችው የዲስክ መብራት ሳታቋርጥ መብራቷ ነው። ደግሞም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ይንቀረፈፋል፣ ማውሱ ይዘላል፣ ከዚያ ይቆማል። የግራፊክስ መድረቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድንገት ነው።

መፍትሔው ራም መጨመር ነው፣ ያገለገለ ዲዲአር3 ውድ አይደለም። እስከዚያ «ኧርሊ-ኡም» የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ራም ሊያልቅ ሲል ብዙ የሚበላውን ፕሮግራም ቀድሞ ይዘጋላችኋል፤ አንድ ታብ መጥፋቱ ሙሉ ማሽኑ ከሚቆም ይሻላል።

ምን እንደተፈጠረ የሚመዘገብበት ቦታ አለ?

አለ፣ የሁሉም ነገር መነሻም እሱ ነው። ሪስታርት እንዳደረጋችሁ ሌላ ነገር ሳትነኩ «ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ -1» በሉ። ይህ ከአሁኑ በፊት ኮምፒውተሩ ተከፍቶ በነበረበት ጊዜ ከርነሉ የጻፈውን ያሳያችኋል። ወደ መጨረሻው ውረዱና የደረቀበትን ሰዓት ፈልጉ። ሰዓቱን ስክሪኑ ላይ ማየት ከቻላችሁ ወረቀት ላይ ያዙት፣ ፍለጋውን በጣም ያቀልላችኋል። ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ብቻ አትርሱ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት እዚያ 14 ነው የሚለው።

የኢንቴል ግራፊክስ ቆሞ ከሆነ «አይ915» በሚለው መስመር ላይ «ጂፒዩ ሃንግ» የሚል ጽሑፍና የፕሮግራም ስም ታያላችሁ፣ ወይም «ሪሴቲንግ» ብሎ ሃርትቢቱ እንደቆመ ይናገራል። ኤኤምዲ ላይ «ሪንግ ጂኤፍኤክስ ታይምአውት» ይላል። «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ካለ ጥፋቱ የራም ማነስ ነው። «ኤቲኤ» ብሎ ቁጥር ከሰጠና «ፌይልድ ኮማንድ» ወይም «አይ-ኦ ኤረር» ካለ ደግሞ ዲስኩ ወይም ኬብሉ ነው፣ ግራፊክሱን ተዉትና ዳታችሁን ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉ። ይህ የመጨረሻው ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። የሳታ ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት ብቻ የፈወሳቸው ማሽኖች አሉ።

ሎጉ ምንም ሳይል በመሀል ከተቆረጠስ? እሱም መልስ ነው። ከርነሉ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ቆሟል ማለት ነው፣ ጣት ወደ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ ወይም ፕሮሰሰሩ እንቅልፍ ላይ ወደሚያድርበት አሠራር ይዞራል። ደቢያን ላይ ያለፈውን ሎግ ጨርሶ አላገኝም ካለ «/ቫር/ሎግ/ጆርናል» የሚል ፎልደር ፈጥራችሁ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያስቀምጣል።

ዊንዶውስ ላይ ደህና ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም?

ሊሆን ይችላል፣ ግን ይህ ብቻውን አያረጋግጥም። የዊንዶውስ ድራይቨርና የሊኑክስ ድራይቨር ለየብቻ የተጻፉ ናቸው፣ ራሙንም የሚጠቀሙት በተለያየ መንገድ ነው። የተበላሸች አንዲት የራም ክፍል ዊንዶውስ ላይ ብዙ የማይነካ ቦታ ላይ ውላ ሊኑክስ ላይ ግራፊክሱ የሚጽፍበት ቦታ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ስለዚህ ሎጉ «ጂፒዩ ሃንግ» ካላለ ሃርድዌሩን ነፃ አታውጡት።

ዩቲዩብ ወይም ቪዲዮ ስከፍት ብቻ ነው የሚደርቀው። ምን ላድርግ?

ብሮውዘሩ ሥራውን ለግራፊክሱ እንዳይሰጥ አድርጋችሁ ሞክሩ። ክሮም ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ «ሲስተም» ሥር ያለውን የግራፊክስ አክሰለሬሽን አጥፉት። ፋየርፎክስ ላይ «ፐርፎርማንስ» ሥር የተመከረውን ሴቲንግ ምልክት አንሱና ከሥሩ የሚመጣውን ሃርድዌር አክሰለሬሽን አጥፉ። ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

መድረቁ ከቀረ ጥፋቱ ከቪዲዮ መፍታቱ ወይም ከሜሳ ጋር የተያያዘ ነው። ሜሳ ማለት ፕሮግራሞች ከግራፊክሱ ጋር የሚነጋገሩበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። እንዲያ ጠፍቶ ይቆይ፣ ለመደበኛ ሥራ አይጎዳችሁም፣ 1080 ቪዲዮ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይደክማል። ሜሳ አፕዴት ሲመጣ መልሳችሁ አብሩትና እዩ።

ከአፕዴት በኋላ ነው የጀመረው። እንዴት ወደ ድሮው ልመለስ?

ኡቡንቱና ሚንት አዲስ ከርነል ሲጭኑ የቀደመውን አይጥሉትም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ሺፍት» ተጭናችሁ ያዙ፣ በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ከሆነ «ኢስኬፕ»ን ነካ አድርጉ። የግረብ፣ ማለትም ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ዝርዝር ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የቀደመውን ከርነል ምረጡ። በእሱ ለጥቂት ቀናት እንደወትሮው ሥሩ። መድረቁ ከጠፋ ጥፋተኛው አዲሱ ከርነል ነው፣ ካልጠፋ ወደ ሜሳ ዙሩ። የትኛው ፓኬጅ መቼ እንደተጫነ «/ቫር/ሎግ/አፕት» ውስጥ «ሂስትሪ» የሚል ፋይል ላይ ከነሰዓቱ ተጽፏል።

እዚህ ላይ የቆዩ ማሽኖች ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ሜሳ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 22.0 ቨርዥኑ ለብዙ ዓመት የኖረውን የኢንቴል ክፍል አውጥቶ ጥሎታል። ከዚያ ወዲህ እስከ 4ኛ ትውልድ ያሉት ፕሮሰሰሮች «ክሮከስ» በሚባል፣ ከ5ኛ ጀምሮ ያሉት «አይሪስ» በሚባል ክፍል ነው የሚሠሩት። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ሰላም የነበረ የ3ኛ ትውልድ ማሽን ወደ አዲሱ ስትወስዱት ፀባዩ ቢቀየር አይግረማችሁ፣ ከሥሩ ያለው ኮድ ሌላ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የከርነል ፓራሜትር ልጨምር?

ለምን እንደምትጨምሩት ካወቃችሁ አዎ። ያገኙትን ሁሉ አንድ ላይ ለጥፎ መጸለይ ግን አያዋጣም፣ ቢሠራም የትኛው እንደሠራ አታውቁም። አንድ ጨምሩ፣ ጥቂት ቀን እዩ፣ ካልሠራ አውጡትና ሌላ። ለሙከራ ግረብ ላይ «ኢ» ተጫኑ፣ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ጨምሩና «ኤፍ10» ተጫኑ። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሪስታርት ስታደርጉ ይጠፋል፣ ስለዚህ አትፍሩት። ከሠራ «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» ፋይል ውስጥ «ኳይት ስፕላሽ» ከሚለው ቀጥሎ ጽፋችሁ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» በሉ።

ብዙ የሚገለበጡት አንዳንዶቹ ለዴስክቶፕ አይሆኑም። «ኢኔብል ፒኤስአር» የላፕቶፕን የራሱን ስክሪን የሚመለከት ነው፣ በቪጂኤ ወይም በኤችዲኤምአይ ከተሰካ ሞኒተር ጋር ግንኙነት የለውም። «ኢኔብል አርሲ6» ከድራይቨሩ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ ብትጽፉት ምንም አያደርግም፣ ግን እስከ ዛሬ በየጽሑፉ ይዞራል። 6ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ «አይ915» ነጥብ «ኢኔብል ዲሲ» እኩል ይሆናል 0 መሞከር ተገቢ ነው፣ የስክሪኑን ክፍል ጥልቅ እንቅልፍ ይከለክላል። በቃላቱ መሀል ያለው ክፍተት ስፔስ አይደለም፣ ከሥር የምትውል ሰረዝ ናት። በዚያው አጻጻፍ «ኢኔብል ኤፍቢሲ»ንም 0 ማድረግ ይቻላል።

3ኛና 4ኛ ትውልድ ላይ ደግሞ የተለየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለእነዚህ ግራፊክሶች የደኅንነት ማስተካከያ ወደ ከርነሉ ገብቶ ነበር፣ የአንዱ ፕሮግራም ቅሪት ዳታ ለሌላው እንዳይታይ ግራፊክሱን የሚያጸዳ። እሱ ራሱ አንዳንድ ማሽኖችን ማድረቅ ጀመረ። በኋላ ተስተካክሏል፣ «አይ915» ነጥብ «ሚቲጌሽንስ» እኩል ይሆናል «ኦፍ» የሚለው ማጥፊያም ተጨምሯል። ከፊቱ «አይ915» ነጥብ መኖሩን ተጠንቀቁ። ያለ እሱ ከጻፋችሁት የፕሮሰሰሩን ሙሉ የደኅንነት መከላከያ ነው የምታጠፉት።

«ኖሞድሴት» ስጨምር መድረቁ ቀረ። በዚሁ ልቀጥል?

አትቀጥሉ። እሱ የግራፊክስ ድራይቨሩን ሥራ ጨርሶ ያስቆማል፣ ምስሉን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይሠራዋል። ሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» ላይ የግራፊክስ ስም ሆኖ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ካያችሁ እንደዚያ ነው። ስክሪኑ ይንቀረፈፋል፣ የሞኒተሩ ልክም ሊበላሽ ይችላል። ጥቅሙ ግራፊክሱን ወይም ድራይቨሩን መጠርጠራችሁ ትክክል መሆኑን ማሳየቱ ነው። አረጋግጣችሁ አውጡት።

አንድ ጽሑፍ «20-ኢንቴል» የሚባል ፋይል ፍጠሩ ይላል። ይጠቅማል?

ዛሬ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ያ ፋይል ኤክስኦርግን (የዴስክቶፑን ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ፕሮግራም) ወደ አሮጌው የኢንቴል ድራይቨር ይመልሰዋል፣ እሱ ደግሞ እንደሚገባው ከተንከባከቡት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ደቢያንና ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ2007 ገደማ ወዲህ ለወጡ ኢንቴል ግራፊክሶች «ሞድሴቲንግ» የሚባለውን አጠቃላይ ድራይቨር ነው የመረጡት። «/ኢቲሲ/ኤክስ11» ሥር እንዲህ ያለ ፋይል ካለ ወደ ሌላ ቦታ አንሱትና ሪስታርት አድርጉ። ይህ ብቻ ስንት ሰው እንዳሳረፈ።

ዌይላንድ ይሻላል ወይስ ኤክስኦርግ?

ሁለቱም ዴስክቶፑ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣባቸው መንገዶች ናቸው። ጥፋቱን ለመለየት ሁለቱንም ሞክሩ። ኡቡንቱ 22.04 ወይም 24.04 ላይ ፓስዎርድ ከመጻፋችሁ በፊት ታች ጥግ ላይ ያለችውን ባለ ጥርስ ጎማ (ማርሽ) ምልክት ነክታችሁ መቀየር ይቻላል። በአንዱ ብቻ የሚደርቅ ከሆነ ጥፋቱ ከከርነሉ ይልቅ ከዴስክቶፑ ፕሮግራም ጋር ነው የሚያያዘው። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላል ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ደግሞ «ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ» ውስጥ ኮምፖዚተሩን (ዊንዶዎቹን ከነጥላቸው የሚያዋህደውን) አጥፍታችሁ እዩ፣ ለደካማ ማሽን እንዲያውም ቀለል ይለዋል።

ስሠራበት ደህና ነው፣ ቡና ልጠጣ ሄጄ ስመለስ ደርቆ ነው የማገኘው። ለምን?

ሥራ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል፣ ከዚያ መንቃት ያቅተዋል። ግራፊክስ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በዚህ የታወቁ ሁለት ቤተሰቦች አሉ።

አንደኛው ኢንቴል ሴሌሮን ጄ1800፣ ጄ1900 እና ዘመዶቻቸው ናቸው፣ በትናንሽ ርካሽ ዴስክቶፖች ውስጥ ይገኛሉ። ለእነሱ «ኢንቴል አይድል» ነጥብ «ማክስ ሲስቴት» እኩል ይሆናል 1 የሚለው ፓራሜትር ብዙ ዓመት የኖረ መፍትሔ ነው። እዚህም በቃላቱ መሀል ያለው የከሥር ሰረዝ ነው። መብራት ትንሽ ይበላል፣ ዴስክቶፕ ላይ ግን ለውጡን አታውቁትም። ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹ ኤኤምዲ ራይዘኖች ናቸው፣ እንደ 2200ጂ ያሉት። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል» የሚለውን «ቲፒካል ከረንት አይድል» ላይ አድርጉት። ባዮሱ አሮጌ ከሆነና ይህ ምርጫ ከሌለው መጀመሪያ ባዮሱን አፕዴት ማድረግ ነው፤ ያን ስታደርጉ ግን መብራት እንዳይሄድባችሁ ዩፒኤስ ላይ ሰክታችሁ ሥሩ፣ በመሀል ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

የባሕር ዳር ሙቀትና መብራትስ?

ሙቀት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አያደርቅም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካለፈ ማሽኑን ያጠፋዋል። ስለዚህ የምታዩት መንቀርፈፍ ወይም ድንገት መጥፋት ነው። ሆኖም ከየካቲት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ ብቻ የሚደርቅ ከሆነ «ሴንሰርስ» የሚለውን ትዕዛዝ ጭናችሁ ዲግሪውን እዩ። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ፋኑም በቆላ ከሚያቀዘቅዘው ትንሽ ያነሰ ነው የሚያቀዘቅዘው። ዓባይ ማዶ ወይም ሌላ አቧራማ ሰፈር ያላችሁ በዓመት አንዴ ከፍታችሁ አጽዱት፣ የደረቀውንም ተርማል ፔስት ቀይሩ።

መብራቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል አይደል? ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ያን መውረድ ይችለዋል፣ ለአሥር ዓመት ቢሮ ውስጥ የሠራ አሮጌ ግን ላይችል ይችላል፣ በዚያ ቅጽበት ማሽኑ ምንም ሳይጽፍ ይቆማል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የሚደርቅ ከሆነ ልብ በሉ። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ሞክሩ፣ አንዳንድ የዴልና የኤችፒ ማሽኖች ግን መሰኪያቸው ከተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሚለይ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር መብረቅ ሲበዛ ከሶኬት መንቀልም አይከፋም።

ራሙን እንዴት ልፈትሽ?

«ሜምቴስት86+» የሚባለውን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ አስነሱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ። አንድም ቀይ መስመር መምጣት የለበትም። አንድ ስህተት እንኳ ቢሆን ራሙ ወይም ማስገቢያው ችግር አለበት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እያስገባችሁ ለዩ። ከመጣላችሁ በፊት የወርቅ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ አሽታችሁ መልሳችሁ ስኩት፣ ብዙ ጊዜ እርጥበትና አቧራ ነው። ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ይህን ፈተና ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ብታስጀምሩት ጥሩ ነው፤ ሙሉ ሌሊት ባይሆንም ግማሽ ሰዓቱም የባሰውን ያሳያል።

ለምን ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ አልጭነውም?

ብዙ ጥገና ቤት የሚነገራችሁ መጀመሪያው መልስ ይሄ ነው፣ እኔ ግን አልመክረውም። ያንኑ ቨርዥን መልሳችሁ ከጫናችሁ ያው ከርነል፣ ያው ሜሳ ነው የሚመጣው፣ ፋይላችሁንና ሎጋችሁን ብቻ ነው የምታጡት። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ደግሞ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፣ በሞባይል ዳታ ይህ ቀላል ብር አይደለም። ሌላ ከርነል መጫን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ትርጉም የሚኖረው ወደ ሌላ ቨርዥን ስትሄዱ ነው፣ እሱንም ሳትጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ ግማሽ ቀን ሥሩበት። 12ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ወይም አዲስ ራይዘን ያላችሁ አዲስ ከርነል ይጠቅማችኋል። ደቢያን 11ና ከዚያ በፊት ያለውን የጫናችሁ ደግሞ የፈርምዌር (ድራይቨሩ ሃርድዌሩ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም) ፓኬጁ መኖሩን እዩ፤ የደቢያን መደበኛ ኢንስቶለር ፈርምዌሩን አብሮ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛው ቨርዥን ነው።

ሁሉ ካልሆነ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?

ሎጉ ደጋግሞ «ጂፒዩ ሃንግ» ካለና የተለያየ ከርነል ሞክራችሁ ካልሆነ ብቻ። ሎጉ ባዶ ከሆነ ካርዱ ምንም አይለውጥም፣ ብራችሁን ያዙ።

ስትገዙ ርካሹን ኤንቪዲያ ጂቲ 710 አትቸኩሉበት። ራሱ ኤንቪዲያ ለእሱ የሚሆነውን 470 ድራይቨር መደገፍ አቁሟል፣ ነፃው «ኑቮ» ላይ ደግሞ ሌላ የመድረቅ ታሪክ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። እንደ ኤኤምዲ አርኤክስ 550 ያለ ካርድ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ ኡቡንቱና ሚንት ላይ ምንም መጫን አያስፈልገውም (ደቢያን ላይ የፈርምዌር ፓኬጁ መኖሩን እዩ)፣ ወደ 50 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ተጨማሪ የፓወር ገመድም አያሻውም። ሳጥናችሁ ቀጭን ከሆነ አጭሩን ዓይነት ጠይቁ፣ ረጅሙ አይገባም።

ድራይቨሩ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ለማን ልንገር?

ለሚጽፉት ሰዎች ንገሯቸው። ይህ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ሥራው በግልጽ ነው የሚሠራው፣ ከባሕር ዳር የሄደ ሪፖርትም ከሌላው እኩል ይታያል። የአይ915 ስህተት የሚመዘገበው ፍሪዴስክቶፕ በሚባለው ፕሮጀክት ጊትላብ ላይ ነው፣ የሜሳም እንደዚሁ እዚያው በራሱ ክፍል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭርና ቀላል ይሁን። የፕሮሰሰሩን ስም፣ የከርነሉንና የሜሳውን ቨርዥን፣ ምን ስታደርጉ እንደሚደርቅና ሙሉ የከርነል ሎጉን አያይዙ።

ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ግራፊክሱ በቆመበት ቅጽበት ድራይቨሩ የያዘውን መረጃ ነው። ኢንቴል ላይ «/ሲስ/ክላስ/ዲአርኤም/ካርድ0/ኤረር» በሚል ፋይል ውስጥ ነው፣ በአንዳንድ ማሽን ካርድ1 ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይህ ያለው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው፣ ሪስታርት ስታደርጉ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከሌላ መሣሪያ በኔትወርክ መግባት የሚያስችለውን «ኦፕን-ኤስኤስኤች-ሰርቨር»ን ጫኑ። ስክሪኑ ሲደርቅ ተርመክስ (የአንድሮይድ ተርሚናል አፕ) ከጫናችሁበት ስልክ በዚያው ዋይፋይ ገብታችሁ ፋይሉን ወደ ሆም ፎልደራችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ «ሲንክ» ብላችሁ ሪቡት አድርጉ።

መልስ ሲመጣ አዲስ ከርነል ሞክሩልን ይሏችኋል፣ ሞክራችሁ ውጤቱን ጻፉላቸው፤ ብዙ ሪፖርት የሚዘጋው ጠያቂው ዝም ስላለ ነው። ማስተካከያው ወደ ከርነሉ ገብቶ ኡቡንቱ እስኪደርስ ሳምንታት ወይም ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ሰላም የሚሰጣችሁን የቆየ ከርነል በ«ሱዶ አፕት-ማርክ ሆልድ» ቆልፉት፣ ከኋላው ሙሉ የፓኬጁን ስም ጨምራችሁ። ያን ካላደረጋችሁ አዳዲሶቹ ሲመጡ እሱ ተጠርጎ ይወጣል።